አራተኛው ጠርሙስ

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪ ሞሚና ሰዒድ ሰው የሞተበት ቤት ስትደርስ፣ ሁለት ፖሊሶች ሣሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ነበር።

«አስከሬኑ ነው?» አለች ከመኪናዋ እየወረደች።

«አስከሬኑማ ገና ነው» አለ አንደኛው። «ስካንክ ነው፣ ያ ግማቱን የሚረጨው አውሬ። ሌሊት ቤዝመንቱ መስኮት ሥር ረጭቶ ሄዷል። ውስጥ ሁለት ደቂቃ መቆም አልቻልንም።»

ሞሚና ቅዳሜንና እሑድን በሌላ ጉዳይ ስትሯሯጥ ነው ያሳለፈችው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ቡናዋን እንኳ መኪና ውስጥ ረስታዋለች። ከኮምቦልቻ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባች ሃያ ስድስት ዓመት፣ ፖሊስ ከሆነች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተማው ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ሲሞት ወይም ሲገድል ስልኩ የሚጮኸው እሷ ጋ ነው። እስካሁን የተለመደ ነገር ሆኖ አልቀለላትም።

ቤቱ ዌስተርቪል ጫፍ ላይ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ቤቶች መሀል ነው። በሩን አልፋ ስትገባ ጠረኑ እንደ ተቃጠለ ጎማና እንደ በሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ጉሮሮዋን ያዛት። ሻሽዋን ወደ አፍንጫዋ ስባ ቀጠለች።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ አምስት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ስማቸው እንዳይታይ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ለብሰው፣ ከረጢቱ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተጽፏል። በአራት ወንበሮች ፊት አምስት አምስት ብርጭቆ አለ። አብዛኞቹ ብርጭቆዎች ግማሽ ድረስ ተጠጥተዋል። አራተኞቹ ግን ለየት ይላሉ፦ ሦስቱ እንደተቀዱ ናቸው፤ አንደኛው ግን እስከ ሥሩ ተጨልጧል። ሞሚና ይህን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ምን እንደሚጠቅማት ግን አላወቀችም። ወይን በአፏ ዞሮ አያውቅም።

ሟቹ ወደ ቤዝመንቱ፣ ወደ ምድር ቤቱ በሚያወርደው ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ተፈሪ ይባላል፤ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነበር፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጋር ተጋጭቷል። ግራ እጁ ላይ ሐኪም ያዘዘለት የልብ ምት መቁጠሪያ አለ። ቀኝ ክንዱ ላይ የአራት ጣት ምልክት በልዟል። ጨብጦት በሞተው ቀኝ መዳፉ ውስጥ ደግሞ ከወረቀት የተቀደደች ማዕዘን ተገኘች፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ የቀይ ወይን እድፍ ግማሽ ጨረቃ የታተመባት።

«ወድቆ አይደለም» አለች ሞሚና ለራሷ። ሰው ሲወድቅ መደገፊያውን ነው የሚይዘው እንጂ ወረቀት አይጨብጥም።

*

አስከሬኑን ያገኘው ሰው በር ላይ የድንጋዩ አጥር ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ያቤጽ ይባላል፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ። የወይን ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ዐይኑ ቀልቷል።

«ትናንት እዚህ ነበርን» አለ። «በወር አንዴ እሑድ ከሰዓት እንሰበሰባለን፤ አራት ነን። የካሊፎርንያ ወይን ብቻ። ጋሽ ተፈሪ ጠርሙሶቹን ይሸፍናቸዋል፤ እኛ እየቀመስን ከናፓ ሸለቆ ይሁን ከሶኖማ፣ ወይኑ የካበርኔ ዘር ይሁን የዚንፋንዴል እንገምታለን። ነጥብ እንሰጣለን፤ እናወዳድራለን። ሌላ ነገር የለውም።»

«ስንት ሰዓት ተለያያችሁ?»

«አስራ አንድ ተኩል። ቤቴ ዋይትሆል ነው፤ ገብቼ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ዕቃ ልመልስለት መጣሁ። በሩ አልተቆለፈም።»

«ስትገባ ምን ተሰማህ?»

ያቤጽ ትንሽ አሰበ። «የወይን ጠረን ነው የተቀበለኝ። የትናንቱ ካበርኔ፣ እንደዚያው ቤቱን ሞልቶታል። ከዚያ ተጣራሁ፣ ዝም። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን አየሁ። መጨረሻ ላይ ነው ቤዝመንቱን የከፈትኩት።»

«ጠረጴዛው ላይ የነጥብ ወረቀት ሦስት ብቻ ነው ያለው። የተፈሪ፣ እንዲሁም ማራናታና ምንያህል የሚል ስም የተጻፈባቸው። ያንተስ?»

«ይዤው ሄጄ ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ሞሚናም ደክሟት ስለነበር አመነችው።

*

ከአራቱ ቀማሾች አንዷ ማራናታ ነርስ ናት። የምትሠራበት ሆስፒታል ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጣ የወረቀት ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሞሚና ትንሽ ራቅ አለች።

«ይቅርታ፤ ልብስሽ…»

«አውቃለሁ። ስካንክ ነው። ትናንት የተጣላ ሰው ነበር?»

ማራናታ ጎንበስ አለች። «ምንያህል። መጣላት እንኳ አይባልም። ሦስተኛው ጠርሙስ እሱ ያመጣው ዚንፋንዴል ነበር፤ ከፓሶ ሮብልስ፣ ተጨንቆ ያስመጣው። ጋሽ ተፈሪ ቀምሶ “ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው” አለው። አፉ እንደዚያ ነው፤ ክፋት የለውም። ምንያህል ግን ፊቱ ጠቆረ። ስንጨርስ ሳይሰናበት ነው የወጣው።»

«አንቺስ ከዚያ ወዴት ሄድሽ?»

«ቸርች፤ የመዝሙር ጥናት። እስከ ሦስት ሰዓት አስራ አምስት ሰው አይቶኛል።»

ሞሚና ልትነሳ ስትል ማራናታ አስቆመቻት። «አንድ ነገር አለ፤ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ተፈሪ ኮል አደረገልኝ። ሰው ከኮቪድ በኋላ ማሽተት ቢያቅተው የት ይታከማል ብሎ ጠየቀኝ። የአንድ ክሊኒክ ስልክ ሰጠሁት። ለራሱ ነው ብዬ አዘንኩ፤ ሰውየው ከወይኑ ሌላ ምንም የለውማ።»

ሞሚና ይህንንም ጻፈችው። ማሽተት የማይችል ሰው የመውደቅ ዕድሉ ይጨምር እንደሆነ ሐኪሙን ልጠይቅ ብላ አሰበች፤ ከዚያ ሐሳቡ ሞኝነት መሰላት።

ቤቷ ስትገባ ልጇ ሰልሳቢል ከሶፋው ላይ ተነስታ ወደ ክፍሏ አፈገፈገች። «ማም፣ ፕሊስ፣ ዩ ስሜል ሶ ባድ።» አለች፤ ሽታሽ አይቻልም ማለቷ ነው። ሞሚና ልብሷን ለይታ አጠበች፤ ኮቷን ግን መለያው ማሽን ውስጥ አይታጠብም ስለሚል በረንዳ ላይ ሰቀለችው። ለሥራ ሌላ ኮት የላትም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ የልብ ምት መቁጠሪያውን መዝገብ አነበበላት። ምቱ እሑድ ምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ በድንገት ዘልሏል፤ ያኔ ነው የወደቀው። ሙሉውን መዝገብ በወረቀት እልክልሻለሁ አለ።

በሰኔ በዚያ ሰዓት ፀሐይ አልጠለቀችም። የጎረቤት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ስትወጣ ቀይ ፒክአፕ ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም አይታለች፤ አስራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ጥቂት ቢሆነው ነው። ቀይ ፒክአፕ ያለው ምንያህል ነው።

ምንያህል ሪከንባከር የጭነት አየር ማረፊያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዐይኑ ሰው የማያይ። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ተነጋገሩ።

«አልተመለስኩም» አለ።

«ጋሽ ምንያህል፣ ፒክአፕዎ ታይቷል።»

አንድ የጭነት አውሮፕላን በላያቸው አልፎ እስኪወርድ ድረስ በዐይኑ ተከተለው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የተመለስኩት» አለ በመጨረሻ። «ሳልሰናበት ወጥቼ መንገድ ላይ ደበረኝ። አስር ዓመት ያወቅኩት ሰው ነው። ገባሁ፤ ተቃቀፍን፤ ሳቀብኝ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።»

«ታዲያ ለምን ይዋሻሉ?»

«ያን ማታ ሺፍት ነበረኝ። ቀምሼ ነው ፎርክሊፍት ላይ የወጣሁት። ይሄ ከታወቀ ሥራ የለኝም።»

የመጋዘኑ መግቢያ ባጅ መዝገብ ቃሉን አረጋገጠለት፤ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አራት ላይ ክሎክ ኢን አድርጎ ሥራ ገብቷል። ተፈሪ ከመውደቁ አራት ደቂቃ በፊት፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ። ሞሚና ሁለት ቀን የያዘችው ክር ተበጠሰ። መኪናዋ ላይ ተደግፋ ጉልበቷን አሸች።

«ሲወጡ ተፈሪ ምን ያደርግ ነበር?»

«ሁለት ብርጭቆ እየጠረገ ነበር። “በል ቶሎ ሂድ፣ እንግዳ አለብኝ” አለኝ።»

«ማን እንደሆነ አልነገረዎትም?»

«አልነገረኝም። ደስ ያለው ግን አይመስልም ነበር። ከባድ ነገር ሊናገር ያሰበ ሰው ነው የመሰለኝ።»

«አራተኛው ጠርሙስስ የማን ነበር? ሁላችሁም ዜሮ ሰጥታችሁታል።»

ምንያህል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «የራሱ የጋሽ ተፈሪ። ወይንም አይደለም እኮ! አቼቶ ነው። እኔና ማራናታ ከንፈራችን ላይ አድርገን ተውነው። ሳያውቅ የተበላሸ ጠርሙስ ከፍቷል ብለን አፍረን ዝም አልን።»

*

ሞሚና ወደ ቢሮ ተመልሳ ማስረጃ ክፍል ገባች። አራተኛውን ጠርሙስ ከከረጢቱ አውጥታ ቡሹን ነቀለች። ሰኞ ዕለት ከስካንኩ ግማት በታች የተደበቀው ነገር ሁሉ አሁን ግልጽ ነበር። ወይን ለማያውቅ ሰው እንኳ አያሳስትም፤ ዐይን የሚያስነባ አቼቶ ነው። ቡሹ ላይ አቧራ አለ። ሰውየው ይህን ጠርሙስ ለሳምንታት ከፍቶ አስቀምጦታል። ተሳስቶ አይደለም፤ አስቦበት ነው።

ከዚያ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ከከረጢታቸው አወጣች። አንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ አንድ ዓይነት ዓመት። ተፈሪ አንዱን ወይን ሁለቴ አቅርቧል።

ሰውየው ወጥመድ ነበር የዘረጋው። ለማን?

ወደ ማራናታ ደወለች። «አራተኛውን ብርጭቆ እስከ ሥሩ የጠጣው ማነው? በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው።»

«ያቤጽ ነው እዚያ የሚቀመጠው። ጠጣው እንዴ? አላየሁም።»

«የነጥብ ወረቀቶቹን ፎቶ አንስታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ሁልጊዜ። ለቴሌግራም ግሩፓችን። የእሑዱን አንስቼዋለሁ፤ ጋሽ ተፈሪ ግን ለጊዜው አትላኪው አለኝ። ልላክልሽ?»

ፎቶው ላይ አራት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። በያቤጽ ወረቀት ላይ አራተኛው ጠርሙስ ከመቶ ዘጠና ሁለት ነጥብ አግኝቷል። ከጎኑ በሚያምር ጽሑፍ «ጥቁር እንጆሪ፣ ትምባሆ፣ ረጅም ጣዕም፣ ናፓ» ይላል። ሁለተኛውን «ቀላል፣ ሶኖማ» ሲለው፣ ያንኑ ወይን አምስተኛው ላይ «ወፍራም፣ ናፓ» ብሎታል። ከወረቀቱ በታች በቀኝ ማዕዘን ደግሞ ብርጭቆ የተቀመጠበት ቀይ እድፍ አለ፤ ግማሽ ጨረቃ።

ሞሚና ከሟቹ ሸሚዝ ኪስ የተገኙትን ነገሮች ዝርዝር አወጣች። መነጽር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ብጫቂ ወረቀት፦ «ሐሙስ አራት ሰዓት»፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ደወለችበት። የማሽተትና የመቅመስ ችግር የሚታከምበት ክሊኒክ ነበር።

ለተፈሪ እህት ለሐምራዊት ደወለች። «ወንድምዎ ማሽተት ያስቸግረው ነበር?»

«ተፈሪን?» አለች ሐምራዊት፤ ድምፅዋ በለቅሶ የሻከረ። «እሱማ ከኮሪደሩ ሆኖ ድስቴ ውስጥ ያለውን ይነግረኝ ነበር።»

*

ረቡዕ ከሰዓት ያቤጽ ራሱ መጣ፤ ተጨማሪ ቃል ልቀበልህ ስትለው እሺ ብሎ። ትንሿ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን መሀል አድርገው ተቀመጡ። መብቱን በአማርኛ አነበበችለት፤ ሰማ፤ ፈረመ። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮት የለም። ሞሚና ኮቷን እንደለበሰች ነው።

«አዲስ ሥራ እንደምትጀምር ሰምቻለሁ» አለችው።

«ፖላሪስ አጠገብ አንድ ትልቅ ሬስቶራንት አለ። የወይን ዝርዝራቸውን እኔ ልመርጥ ነው። የዛሬ ሳምንት ነው የምጀምረው።»

«ጥሩ ነው። ያቤጽ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሰው አጠገቤ አይቀመጥም። ሊፍት ውስጥ ስገባ ሰው ይወርዳል። ልጄ በሩን ትዘጋብኛለች። አንተ ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጠህ ፊትህን እንኳ አላዞርክም።»

ያቤጽ ኮቷን ተመለከተ።

«ስካንክ ነው። ተፈሪ ቤት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ፖሊሶችን ሊያስመልሳቸው ነበር። አንተ የወይን ጠረን ተቀበለኝ አልከኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የማታሸተው?»

ሰውየው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ የወረደ ያህል ጎበጠ።

«ኮቪድ ከያዘኝ ወዲህ» አለ። «ያን ክረምት። ይመለሳል አሉኝ፤ አልተመለሰም። ቀለሙን አያለሁ፤ መጽሐፍ አነባለሁ፤ የሌሎቹን ፊት አያለሁ። እንዲህ ዓመታት ኖርኩበት። ወይን ለእኔ ውሃ ነው። ቡናም ውሃ ነው።»

«አቼቶም።»

«አቼቶም።»

ፎቶውን ከፊቱ አስቀመጠች። ከጎኑ ከሟቹ መዳፍ የተገኘችውን ማዕዘን፣ በላስቲክ ውስጥ። ያቤጽ አንዴ አያትና ዐይኑን ጨፈነ።

«ከተለያየን በኋላ ኮል አደረገልኝ» አለ። «ተመለስ፣ የምነግርህ አለ አለኝ። መኪናዬን ከኋላ መንገድ አቁሜ በእግሬ ገባሁ። ቤዝመንቱ ደረጃ አፋፍ ላይ ነበር፤ ጥሩ ጠርሙስ ሊያወጣ። ወረቀቴን ይዞታል። “በገዛ እጅህ ጽፈኸዋል፣ አሁን ለእኔ አትክደኝም” አለ። ለግሩፑ ሊልከው ነው፣ ለሬስቶራንቱ ሊደውል ነው ብዬ አሰብኩ። ክንዱን ያዝኩት፤ ወረቀቱን ሳብኩ፤ ተቀደደ። እሱ ወደ ኋላ ሄደ። በቃ፤ ይሄው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከላይ ሆኜ ተጣራሁ። አልመለሰም።»

«ምንም ድምፅ አልነበረም?»

«ይተነፍስ ነበር» አለ ያቤጽ። «ከባድ ትንፋሽ። ከዚያ ወጣሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ማንም ሳያገኘው እንዳይቀር ብዬ ነው ጠዋት የሄድኩት። ግን ወዲያው ነው የሞተው፣ አይደል?»

ሞሚና የሐኪሙን ወረቀት አወጣች። ጠዋት ነው የደረሳት። «እስከ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ልቡ ይመታ ነበር። ከወደቀ በኋላ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ኖሯል።»

ያቤጽ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ቁጥሩን አነበበ።

«ሌላም ነገር አለ» አለች። ለምን እንደምትነግረው አታውቅም ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው ከሚሰማው ይሻላል ብላ ገመተች። «ለነገ ሐሙስ አራት ሰዓት ክሊኒክ ቀጠሮ ይዞ ነበር። በአንተ ስም። ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሊያዋርድህ አልነበረም የጠራህ።»

«አልነገረኝም» አለ ያቤጽ በቀስታ። «አላስጨረስኩትም።»

ቃሉን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ሦስት ጊዜ ሰረዘ።

*

ሐምራዊት የምትኖረው ዋይትሆል ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ አፓርታማ። ለቀስተኞቹ ወጥተው ፕላስቲክ ወንበሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ ነበረች። ሞሚና ኮቷን መኪና ውስጥ ጥላ ነበር የወጣችው። የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብላ ነገረቻት።

ሐምራዊት አላለቀሰችም። «ተሰቃይቷል?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ ሞሚና አንድ የለመደችው መልስ ነበራት፤ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ጊዜ ሰጥታዋለች። ዛሬ ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አንድ ቀን ሰው ያነብላታል።

«ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር፣ እትዬ። ራሱን ያውቅ አያውቅ ማንም ሊነግረን አይችልም።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ሐምራዊት ራሷን ነቀነቀች። ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አንስታ መነጽሯን አደረገች። የቀብሩ ፕሮግራም ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት። የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ስም ከታች ተጽፏል። የያቤጽ ስም መጀመሪያው ላይ ነው።

«ራሱ ነው ልሸከም ያለኝ» አለች። «ሰኞ ከሰዓት መጥቶ፣ እዚያ አንቺ ያለሽበት ወንበር ላይ ተቀምጦ።» እስክሪብቶ ፈልጋ ስሙን ሰረዘችው፤ መስመሯ ቀጥ ያለ ነበር። «አምስት ቀሩኝ። ተፈሪ ብዙ ሰው አልነበረውም። እነዚያው የወይን ጓደኞቹ ናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ የእኔ ጎረቤቶች።»

ሞሚና መነሳት ነበረባት። ቢሮ የሚጠብቃት ሪፖርት አለ፤ ጉልበቷም ከወንበሩ ለመነሳት ቀስ ብሎ ነው የሚታዘዛት።

«ወንድም አለኝ» አለች። «አብዱረሂም ይባላል። ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለውም።»

«ተፈሪን አያውቀውም።»

«አያውቀውም። ግን ጠንካራ ነው፤ ብጠይቀው እምቢ አይለኝም።»

ሐምራዊት እስክሪብቶውን ይዛ አየቻት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደላድላ፣ በሰረዘችው ስም ጎን ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«ስሙን በደንብ ንገሪኝ» አለች። «እንዳልሳሳት።»